ናሽቪል ሄዶ ካንትሪን በአካል መስማት፦ ከትኬት እስከ ቲፕ

ናሽቪል፣ ቴነሲ ውስጥ ታች ብሮድዌይ በሚባለው መንገድ ላይ ባንድ መጫወት የሚጀምረው ከጠዋቱ 10 ሰዓት ነው፤ የሚያበቃው ከሌሊቱ 2 ሰዓት አካባቢ። (እዚህ የሚጠቀሰው ሰዓት ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።) መግቢያ አይከፈልም፣ ቦታ ማስያዝ የለም። ከዚህ የተነሳ ብዙ ጎብኚ ሁለቱንም ሦስቱንም ምሽት እዚያው መንገድ ላይ ጨርሶ፣ ጆሮው እየጮኸ፣ የከተማዋን ምርጥ ሙዚቃ ሳይሰማ ይመለሳል።

ናሽቪል ውስጥ ካንትሪ ሙዚቃ የሚሰማው በሦስት ዓይነት ቤት ነው። ሆንኪ ቶንክ የሚባሉት ጫጫታ የበዛባቸው መጠጥ ቤቶች አሉ፤ ዝም ተብሎ የሚደመጥባቸው ጠባብ ቤቶች አሉ፤ ትልልቆቹ አዳራሾች ደግሞ ሌላ ናቸው። የአንዱ ቤት ደንብ ለሌላው አይሠራም፤ አንዱ ዘንድ ካልጮኹ ቀዝቃዛ ይባላሉ፣ ሌላው ዘንድ ቢያንሾካሹኩ ይገሠጻሉ። ስለዚህ ጉዞውን የሚያቅዱት በምሽቶቹ ይሁን፤ ሙዚየምና ምግብ ቀኑ ላይ ቦታ አያጡም።

1. ወሩንና ቀኑን መምረጥ

ምቹዎቹ ወራት ኤፕሪል፣ ሜይ፣ የሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበር ናቸው። ጁላይና ኦገስት ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል፤ ወበቁ ሲጨመርበት ከሰዓት በኋላ በእግር መዞር አያስመኝም። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ብርድ ነው፣ ሆቴል ግን ይረክሳል፤ ሙዚቃውም አይቋረጥም። ከማርች እስከ ሜይ ቶርኔዶ ሊነሳ ስለሚችል ስልክዎ ላይ ያለውን የአደጋ ማስጠንቀቂያ አያጥፉ። ሳይረን ከጮኸ ወደ ታችኛው ፎቅ፣ መስኮት ወደሌለው ክፍል መውረድ ነው።

ጁን መጀመሪያ ላይ ሲኤምኤ ፌስት የሚባል የአራት ቀን በዓል አለ፤ በ1972 ፋን ፌር በሚል ስም የተጀመረው ነው። ቀን ቀን ነጻ መድረኮች ይኖራሉ፣ ማታ ማታ ስመ ጥሮቹ ስታዲየም ውስጥ ይዘፍናሉ። ለበዓሉ ብለው የሚሄዱ ከሆነ ሆቴሉን ከወራት በፊት ይያዙ። ለበዓሉ ካልሆነ ግን ያን ሳምንት ይለፉት፤ በሁለት እጥፍ ዋጋ ሰልፍ መግዛት ይሆናል።

ከቀን ደግሞ የሥራ ቀናት ይሻላሉ። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ብሮድዌይ ከሠርግ በፊት ለመጨፈር በመጡ ሙሽሮችና ሚዜዎች ይሞላል፤ ሮዝ ባርኔጣ፣ ፔዳል እየመቱ የሚጓዙበት ተንቀሳቃሽ ቡና ቤት፣ ጩኸት። ደስ የሚለው ሰው አለ፤ ሙዚቃ ለመስማት ለመጣ ሰው ግን እንቅፋት ነው። በደንብ የሚሠራ አደራደር ይኸውና፦ ሰኞ ብሉበርድ ካፌ፣ ማክሰኞ ስቴሽን ኢን (ሁለቱም ዝም ተብሎ የሚደመጥባቸው ቤቶች ናቸው)፣ ረቡዕ ታች ብሮድዌይ፣ ሐሙስ ግራንድ ኦል ኦፕሪ (በትልቅ አዳራሽ የሚቀርበው የሬዲዮ ትርኢት)፣ ዓርብ ጠዋት መመለስ። ኦፕሪ ዓርብና ቅዳሜ ቋሚ ነው፤ የሌሎቹ ቀናት ትርኢት እንደ ወቅቱ ይለያያልና መጀመሪያ የኦፕሪን ቀን አይተው ሌላውን በዙሪያው ይደርድሩ።

2. በምን ቅደም ተከተል ይያዝ?

መጀመሪያ የኦፕሪ ትኬት፣ ቀጥሎ ሆቴል፣ ከዚያ የስቱዲዮ ቢ (ኤልቪስ የቀዳበት ስቱዲዮ) ጉብኝት፣ በመጨረሻ ብሉበርድ። ብሉበርድ መጨረሻ የሆነው ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ ትኬቱ የሚለቀቀው ከትርኢቱ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ስለሆነ ነው። የሚለቀቅበትን ቀንና ሰዓት ከራሱ ድረ ገጽ ላይ አይተው ስልክዎ ላይ ማንቂያ ይሙሉ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።

ትኬት ሲገዙ ከአዳራሹ ከራሱ ድረ ገጽ ይግዙ። ጉግል ላይ የአዳራሹን ስም ሲጽፉ ከላይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው፤ መልኩ የአዳራሹን ይመስላል፣ የሚሸጠው ግን አትራፊ ነው፣ የአገልግሎት ክፍያውም የሚታየው መጨረሻው ገጽ ላይ ነው።

በጀት ሲያወጡ የሽያጭ ግብርን አይርሱ፤ ናሽቪል ውስጥ ከ2025 ወዲህ 9.75 ከመቶ ነው። ሆቴል ላይ ሌላ የሆቴል ግብር ይደረብበታል። መሀል ከተማ ያሉ ሆቴሎች ደግሞ መኪና ለሚያሳድር ሰው በየሌሊቱ ለብቻው ያስከፍላሉ፤ ክፍሉ ርካሽ መስሎ የታየው ብዙ ጊዜ በዚህ ይካካሳል።

3. መድረስና ማደር

ከአዲስ አበባ ወደ ናሽቪል ቀጥታ በረራ የለም። በዋሽንግተን፣ በቺካጎ ወይም በአትላንታ በኩል ይመጣል። ኢሚግሬሽንና ሻንጣ መጀመሪያ ባረፉበት ኤርፖርት ስለሚያልቁ ለሚቀጥለው በረራ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይተዉ። አትላንታ ላሉ ወገኖች መኪና ይሻላል፤ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በቻተኑጋ በኩል አራት ሰዓት አካባቢ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ናሽቪል ከአትላንታና ከዋሽንግተን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነች፤ የሰዓት ክልሉ የሚቀየረው ቻተኑጋን እንዳለፉ ነው። ስልክዎ ራሱ ያስተካክላል፣ የመኪናዎ ሰዓት ግን ላያስተካክል ይችላል።

ኤርፖርቱ ከመሀል ከተማ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 18 ቁጥር የዊጎ (የከተማው ሕዝብ ማመላለሻ) አውቶቡስ በ2 ዶላር መሀል ከተማ ያደርሳል፤ ቶሎ ቶሎ ስለማይመጣ ሰዓቱን አስቀድመው ይዩ። የቀን ትኬቱ 4 ዶላር ነው።

ብሮድዌይ ላይ ወይም በጣም ቅርቡ ያለ ሆቴል ከያዙ እስከ ሌሊቱ 3 ሰዓት እንቅልፍ የለም። ወደ ሚድታውንና ዌስት ኤንድ ሲሄዱ ጸጥታ አለ፣ በታክሲም ሩቅ አይደለም። ዶነልሰን በሚባለው የኤርፖርቱ ሰፈር የበለጠ ይረክሳል፤ ለኦፕሪም ይቀርባል። መኪና ካለዎት መሀል ከተማ ያሉትን የግል ፓርኪንጎች ሰሌዳ እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ብዙዎቹ ታርጋ በካሜራ ያነባሉ፤ ከፍለው አሥር ደቂቃ ቢያሳልፉ ቅጣቱ በፖስታ፣ ቤትዎ ድረስ ይመጣል። 

አድራሻ ሲፈልጉ አንድ ነገር ያምታታል፦ የድሮው 5ኛ ጎዳና ዛሬ በታጋዩ የምክር ቤት አባል ስም ጆን ሉዊስ ዌይ ተብሏል። ራይመን የሚባለው አሮጌ አዳራሽም የካንትሪ ሙዚየሙም ያሉት እሱ ላይ ነው፤ አሮጌ ካርታ ግን 5ኛ ጎዳና ይላል።

4. ታች ብሮድዌይ

ዋናው ከ1ኛ እስከ 5ኛ ጎዳና ያለው ክፍል ነው። ቀኑ በአራት ፈረቃ ተከፍሏል፦ በአብዛኛው ከ10 እስከ 2፣ ከ2 እስከ 6፣ ከ6 እስከ 10፣ ከ10 እስከ ሌሊቱ 2። አንድ ባንድ አንዱን ፈረቃ ሙሉ፣ አራት ሰዓት፣ ይጫወታል። የሚሻለው ፈረቃ ከ2 እስከ 6 ያለው ነው። ተጫዋቾቹ የማታዎቹን ያህል ጎበዞች ናቸው፤ መቀመጫ ይገኛል፣ ልጆችም ይገባሉ። ከምሽቱ 6 ሰዓት በኋላ አብዛኞቹ ቤቶች ከ21 ዓመት በታች ያለን ሰው አያስገቡም።

በር ላይ መታወቂያ የሚጠየቀው ሽማግሌም ቢሆኑ ነው። የአሜሪካ መታወቂያ ከሌለዎት ፓስፖርቱን ራሱን ይያዙ። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይቀበሉም፤ የውጭ አገር መንጃ ፈቃድ ይዞ የመጣም ሊመለስ ይችላል።

የት ይገባ? ትልልቆቹ፣ በታዋቂ ዘፋኝ ስም የተሰየሙትና ሦስት አራት ፎቅ ያላቸው ቤቶች በየፎቁ ሌላ ባንድ ያቆማሉ፤ የሚጫወቱት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሮክና ፖፕ ነው። ጣሪያው ላይ ሆኖ ከተማውን ለማየት ጥሩ ናቸው። ካንትሪውን ለሚፈልግ ሰው ሮበርትስ ዌስተርን ወርልድ ይቅደም፤ አሮጌውን ካንትሪ ያለ ቅይጥ የሚጫወቱት እዚያ ነው። እሱን ካዩ በኋላ በዚያው ረድፍ ያለው ወይን ጠጅ ቀለም የተቀባው ቱትሲስ አለ። ቱትሲ ቤስ በ1960 የከፈተችው ነው፤ ከኋላው ጠባብ መተላለፊያ አለ፣ ከመተላለፊያው ማዶ ራይመን። የኦፕሪ ዘፋኞች በዚያ በኩል ሾልከው መጥተው ይጠጡ ነበር።

ባንዱ ካንትሪ መሆኑን መጠጥ ሳያዝዙ ከበር ላይ ማወቅ ይቻላል፦ ፊድል (ቫዮሊን) እና ፔዳል ስቲል ካለ ይግቡ። ፔዳል ስቲል ጊታር ቢባልም እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ነው። ተጫዋቹ ተቀምጦ በግራ እጁ የብረት ዘንግ ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፣ በቀኝ እጁ ይመታል፣ በእግሩ ፔዳል ይረግጣል፣ በጉልበቱ ደግሞ ከሥር ያሉትን ማንሻዎች ወደ ግራና ቀኝ ይገፋል። ያ የሚያለቅሰው ድምፅ የሚወጣው አንዱ ክር ባለበት ቆሞ ሌላው በፔዳል ሲሳብ ነው። ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ጥግ ቆመው ጉልበቱን ይመልከቱ፤ ፊት ለፊት ቆሞ ይህ አይታይም።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። እነዚህ ባንዶች ብዙ ጊዜ አብረው አልተለማመዱም፤ ከመሀላቸው ዛሬ ገና የተገናኙ ይኖራሉ። ታዲያ አድማጭ ያዘዘውን ዘፈን ሲጀምሩ መሪው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ አራት ጣት፣ ከዚያ አምስት ጣት ያሳያል፤ የሚመጣውን ኮርድ (አብረው የሚመቱትን ድምፆች) እየነገራቸው ነው። የናሽቪል የቁጥር ዘዴ ይባላል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጆርዳኔርስ የሚባለው የድምፅ ቡድን አባል ኒል ማቲውስ የጀመረው ነው፤ ሙዚቀኛው ቻርሊ ማኮይ አስፋፋው። ዘፈኑ በጂ ከሆነ 1 ጂ ነው፣ 4 ሲ፣ 5 ዲ። ዘፋኟ ከፍ አድርጋ በኤ ልዝፈን ብትል ቁጥሩ አይነካም፤ 1 የነበረው ኤ ይሆናል፣ ሌላው ይከተላል።

ስለ ቲፕ በግልጽ እንነጋገር፤ መግቢያ ነጻ የሆነው ባንዱ በአብዛኛው የሚኖረው በቲፕ ስለሆነ ነው። አዝማሪ ቤት ሸልሞ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ልዩነቱ ብሩ ግንባር ላይ አይለጠፍም፣ መድረክም ላይ አይወጣም። ከመድረኩ ፊት ያለው ባልዲ ውስጥ ይገባል፣ ወይም አንዱ ባልዲውን ይዞ ይዞራል። ለአንድ ሰው በሰዓት 5 ዶላር አያሳፍርም። ዘፈን ለማዘዝ የተለመደው 20 ዶላር ነው፤ የዘፈኑን ስም ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው ከብሩ ጋር ባልዲው ውስጥ ያስገቡ። ያለ ገንዘብ ከሩቅ መጮህ ነውር ነው፣ ማንም አይሰማዎትም። ኪው አር ኮድ ለጥፈው በቬንሞ (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) የሚቀበሉ ብዙ ናቸው፤ ቢሆንም በሃያ በአምስትና በአንድ ዶላር የተዘረዘረ ጥሬ ገንዘብ ይያዙ።

መጠጥ ካላዘዙ ወንበር መያዝ ደስ አይልም፤ ለስላሳ ወይም ውኃም ቢሆን ይዘዙ፣ አልኮል ግዴታ አይደለም። ካርድዎን ሰጥተው ሂሳብ ክፍት ካስቀመጡ ከመውጣትዎ በፊት ደረሰኙን ያንብቡ፦ የአስተናጋጁን ቲፕ አስቀድመው የጨመሩ ቤቶች አሉ፣ ሳያዩ ደግመው ይከፍላሉ። ከፋርማሲ በጥቂት ዶላር የሚገዛ የጆሮ መድፈኛ ስፖንጅ ኪስዎ ይግባ። መውጫ ሰዓት ላይ ኡበር ከቤቱ ደጅ አይጥሩ፤ መኪናው ሕዝቡ መሀል ይገባና እየተጠባበቁ ዋጋው ይወጣል። ሁለት ሦስት መንገድ ያህል ወደ ሰሜን፣ ወደ ቸርች ስትሪት፣ ሄደው ይጥሩ።

5. ዝም የሚባልባቸው ቤቶች

ብሉበርድ ካፌ ግሪን ሂልስ በሚባል ሰፈር፣ ሂልስቦሮ ፓይክ ላይ፣ በሱቆች ረድፍ መሀል የተሸጎጠ 90 መቀመጫ ያለው ቤት ነው። ከመሀል ከተማ 7 ቁጥር አውቶቡስ ይወስዳል፤ የመኪና ማቆሚያው ጠባብ ነው። በ1982 ተከፈተ። አራት የዘፈን ደራሲዎች ቤቱ መሀል ክብ ሠርተው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ በየተራ ራሳቸው የጻፉትን ይጫወታሉ፣ እንዴት እንደጻፉት ይናገራሉ፣ ሌሎቹ በድምፅ ያጅባሉ። ይህን አቀማመጥ በ1985 እዚያ ከጀመሩት አንዱ ዶን ሽሊትስ ነው፤ ኬኒ ሮጀርስ በ1978 ያወጣውንና አገራችን ድረስ የተሰማውን የቁማርተኛውን ዘፈን የጻፈው እሱ ነው። ብሉበርድ የሚኬደው ለዚህ ነው፤ ስማቸውን የማናውቃቸው፣ ዘፈናቸውን ግን በሰው አፍ የምናውቃቸው ሰዎች ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠው ይዘፍናሉ።

ወሬ የለም። ቤቱ ‹‹ሽሽ!›› የሚል መፈክር አለው፤ ቀልድ አይደለም፣ የሚያወራን ይገሥጻሉ። ስልክዎን ድምፁን ብቻ አያጥፉ፣ ኪስ ይክተቱት። ለእያንዳንዱ ወንበር የምግብና የመጠጥ ዝቅተኛ ወጪ አለ። ትኬት ካመለጠዎት ሰኞ ማታ ያለው ክፍት መድረክ ያለ ትኬት ነው፤ በሩ ሳይከፈት አንድ ሰዓት ያህል አስቀድመው ይሰለፉ። የሰኞው ጥራት እንደ ዕድል ነው። ደካማ ዘፈን ይሰማሉ፣ ቀጥሎ የሚነሳው ልጅ ደግሞ ቤቱን ጸጥ ሊያደርገው ይችላል።

ስቴሽን ኢን ጋልች ሰፈር፣ 12ኛ ጎዳና ላይ ነው፤ ከ1974 ጀምሮ ብሉግራስ የሚባለውን የካንትሪ ዘመድ የሚጫወቱበት ቤት። ዙሪያውን የመስታወት ሕንጻ ከብቦት እሱ ብቻ ዝቅ ብሎ ስለቀረ በቀላሉ ይለያል። ባንጆ፣ ማንዶሊን፣ ፊድል፣ ቤዝና ጊታር፤ ከበሮ የለም። የመጣ በመጣበት ስለሚቀመጥ በሩ ሲከፈት ይገኙ። በስምንት ሰዓት ይጀምራል ብሎ በስምንት የደረሰ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ያመሻል።

6. ኦፕሪና ራይመን

ግራንድ ኦል ኦፕሪ በኖቬምበር 28 ቀን 1925 በደብሊው ኤስ ኤም ሬዲዮ ተጀምሮ እስካሁን ያልቆመ የሬዲዮ ዝግጅት ነው። እንደ ኮንሰርት ቆጥረው ከሄዱ ግራ ይገባዎታል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ብዙ ዘፋኞች ይወጣሉ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሦስት ዘፈን ብቻ ይጫወታል፣ በመሀል አስተዋዋቂው ማስታወቂያ ያነባል፤ እየተላለፈ ያለው በቀጥታ ነውና። አንድን ዘፋኝ ብቻ ፈልገው ትኬት አይግዙ። የሰማንያ ዓመት አዛውንትና ትናንት የወጣ ልጅ በአንድ መድረክ ሲፈራረቁ ማየት ነው ጣዕሙ።

በ1974 የተከፈተው ኦፕሪ ሃውስ 4,400 ያህል ሰው ይይዛል፤ ከመሀል ከተማ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ትኬቱ ላይ የቦታውን ስም አጥብቀው ያንብቡ፦ በብርዱ ወራት አንዳንድ ትርኢት ወደ ራይመን ስለሚዛወር በተሳሳተው ሕንጻ ደጅ የሚቆም ሰው አይጠፋም። ወደ ቤት ሲመለሱ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ታክሲ ይጠራል፤ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይታገሡ፣ ዋጋው ይወርዳል።

መድረኩ መሀል ቀለሙ የተለየ ክብ እንጨት አለ። ከራይመን መድረክ ተቆርጦ የመጣ ነው፤ በ2010 ጎርፍ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ ታድሶ ተመልሷል። የቀኑን የመድረክ ጀርባ ጉብኝት የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ እሱ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል።

ራይመን በ1892 የጸሎት አዳራሽ ሆኖ የተሠራ፣ ከ1943 እስከ 1974 የኦፕሪ ቤት የነበረ ነው። 2,362 መቀመጫ አለው፣ መቀመጫው የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ነው፤ ድምፁ ግን ከብዙ ዘመናዊ አዳራሽ ይበልጣል። ወንበር ሲመርጡ ከሰገነቱ ሥር ወደ ኋላ ያሉትን ይሽሹ፤ ምሰሶና የሰገነቱ ወለል እይታን ይጋርዳሉ። የሰገነቱ ፊተኛ ረድፍ ከምድር ቤቱ መሀል ይሻላል።

7. ቀኑን ምን ይደረግበት?

የካንትሪ ሙዚቃ ዝነኞች አዳራሽና ሙዚየም ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። ከሁሉ በፊት ክብ ወደሆነው ክፍል ይሂዱ፤ የተመረጡት ሁሉ የነሐስ ሰሌዳ አላቸው። በዓመት ቅደም ተከተል ስላልተሰቀለ የሚፈልጉትን ጠባቂዎቹን ይጠይቁ። እኛ የምናውቃቸው አሉ፦ ጂም ሪቭስ (1967)፣ ዶሊ ፓርተን (1999)፣ ዶን ዊሊያምስ (2010)፣ ኬኒ ሮጀርስ (2013)። ከእነሱ ጋር የዲፎርድ ቤይሊን ሰሌዳ ሳያዩ አይውጡ። ከኦፕሪ የመጀመሪያ ኮከቦች አንዱ የሆነ ጥቁር የሃርሞኒካ ተጫዋች ነው፤ የተመረጠው በ2005፣ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ባንጆም ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ይዘውት የመጡት መሣሪያ ዘር ነው። ይህን መስመር መከተል የሚፈልግ ሰው በ2021 ብሮድዌይ ላይ የተከፈተውን የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚቃ ሙዚየም ይጨምር።

በ1957 የተሠራው ስቱዲዮ ቢ ሌላ ሰፈር ነው፤ ደጁ ላይ ትኬት አይሸጥም። ከሙዚየሙ ጋር አብረው ይገዙና በእነሱ አውቶቡስ ይሄዳሉ። ኤልቪስ ከ200 በላይ ዘፈን የቀዳበት ክፍል ነው። ሚውዚክ ሮው የሚባለውን ሰፈር ለብቻው ለማየት አይልፉ፤ የሙዚቃ ኩባንያዎች ቢሮ ነው፣ ከውጭ የሚታይ ብዙ ነገር የለም። ቦት ጫማ ለሚፈልግ ብሮድዌይ ላይ አንዱን ሲገዙ ሁለት በነጻ የሚሉ ሱቆች አሉ። ሦስት ሆኖ መግዛት ያዋጣል፤ ብቻዎን ከሆኑ የአንዱ ዋጋ የሦስት መሆኑን አስልተው ይግቡ።

8. ምግብ፣ በተለይ ለሚጾምና አሳማ ለማይበላ

የከተማዋ ዝነኛ ምግብ ሆት ቺክን ነው፦ የተጠበሰ ዶሮ፣ ላዩ ላይ በስብ የተለወሰ ካየን በርበሬ፣ ከሥሩ ነጭ ዳቦ፣ ከላይ ፒክል። የመጀመሪያው ፕሪንስስ የሚባለው ምግብ ቤት ነው። ሚጥሚጣ ያደግንበት ነን ብሎ ከፍተኛውን ደረጃ ያዘዘ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይጨርስ ይነሳል፤ በርበሬው ስብ ስለያዘው ምላስ ላይ ይቆያል፣ ውኃም አያወርደውም። በሚዲየም ይጀምሩ። መለወሻው የአሳማ ስብ ሊሆን ስለሚችል ሳያዝዙ ይጠይቁ።

የደቡብ ምግብ ቤቶች ጎመንና ባቄላ ለጾም የተመቸ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ የሚቀቀለው ግን ከአሳማ ሥጋ ወይም አጥንት ጋር ነው። ‹‹ሥጋ አለው?›› ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሥጋው ወጥቶ ሾርባው ስለሚቀር የለውም ሊሉ ይችላሉ። በምን እንደተቀቀለ ይጠይቁ። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው መሀል ከተማ ከመንከራተት ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ መርፍሪስቦሮ ፓይክና ቶምሰን ሌን አካባቢ መሄድ ይሻላል፤ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ያሉት በዚያ በኩል ነው። ከመሀል ከተማ በመኪና ሩብ ሰዓት አካባቢ ነው፣ ወደ አትላንታ ለሚመለስም መንገዱ ላይ ነው። ሲመለሱ ሰዓቱ ወደፊት እንደሚዘልል ያስቡ፤ ከሰዓት በኋላ በ1 ሰዓት የወጣ ሰው አትላንታ የሚገባው ምሽት 6 ሰዓት ላይ፣ ከነ ትራፊኩ ነው።